ፍራፍሬ በኦቨን፦ ከወሎ ገበያ የሚሠራ ስኳር የማይጨመርበት የቤት መክሰስ

ከመርሳና ከሐይቅ በኩል የማንጎ ጭነት ወደ ደሴ የሚወጣበትን ወቅት ያየ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ፍሬው ሁሉ አንድ ላይ ይበስላል። ገበያው ይሞላል። ርካሽ ነው ብለን በፌስታል እንሸከማለን። ከጥቂት ቀን በኋላ ግማሹ ይለሰልሳል፣ ቀሪው ላይ ዝንብ ይሰፍራል። በዚያው ሳምንት ደግሞ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ መክሰስ ብለን የምንሰጣቸው ከሱቅ የተገዛ ብስኩት ነው። ሊጣል የደረሰው ማንጎ ከብስኩቱ የተሻለ መክሰስ ይወጣዋል። የሚያስፈልገው ዝቅ ያለ እሳትና ትዕግስት ነው።

ሥራው ሁሉ የሚዞረው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ውሃ በማውጣት። ማንጎ ከመቶ 83 ያህሉ ውሃ ነው። ሙዝ 75 ገደማ፣ አፕል 86 ገደማ። ጣፋጩ ነገር ፍሬው ውስጥ አለ፤ ውሃው አቅጥኖታል እንጂ። ውሃው ሲወጣ ጣዕሙ ይጠብቃል፣ ሻጋታ የሚያበቅለው እርጥበትም ይሄዳል። ቋንጣ ሰቅላችሁ የምታውቁ ከሆነ መርሑ ለእናንተ አዲስ አይደለም። ስለዚህ ከታች ካሉት አሠራሮች አንዱም ስኳር አይፈልግም። ስኳር ጨምሩ የሚል ቪዲዮ ካያችሁ እለፉት።

የትኛው ፍሬ ለምን ይሆናል?

ማንጎ ዋናው ነው። ጠንከር ያለው፣ ክር የሌለው ማንጎ ተቆርጦ ይደርቃል። ክር የበዛበት የአገር ማንጎ ግን ሲቆርጡት ይበጣጠሳል። እሱን ፈጭቶና አጥልሎ በስሱ ዘርግቶ ማድረቅ ይሻላል። እንዲያውም ጣዕሙ የበለጠ የሚያምረው እሱ ነው።

ሙዝ ሁለት ሥራ አለው። ቢጫው፣ ጥቂት ነጠብጣብ የጀመረው፣ ለቺፕስ ይሆናል። ልጣጩ የጠቆረውን ደግሞ አትጣሉት፤ ከበሶ ጋር የሚሠራው መክሰስ የሚፈልገው እሱን ነው። አፕልና ኮክ ለመድረቅም ተጠብሰው ለመበላትም ምቹ ናቸው። ዘይቱን (ጓቫ) ውስጡ ያለው ዘር ጠንካራ ስለሆነ ተቀቅሎ፣ ተፈጭቶ፣ በወንፊት ከተጠለለ በኋላ ከማንጎው ጋር ቢቀላቀል ግሩም ነው።

አቮካዶን ተዉት። ቅባት ስለሆነ አይደርቅም፤ እሳት ሲነካው ይመራል። ሐብሐብም ልፋት ነው። ፓፓያ ይደርቃል፣ ግን ውሃው ብዙ ጊዜ ይወስዳል፤ ትኩሱን ብትበሉት ይሻላል። በለስም እንደዚያው። ቁርቁራ ግን ምስጋና የሚገባው ፍሬ ነው። ቆላው ውስጥ ዛፉ ላይ እንዳለ በራሱ ይደርቃል፤ የእኛን ኦቨን አይጠብቅም።

የምታዘጋጁት ዕቃ

ስለት ያለው ቢላዋ፣ መክተፊያ፣ የኦቨን ትሪ፣ የመጋገሪያ ወረቀት፣ አንድ ሁለት ሎሚ፣ ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ጠርሙስ። ትሪው ላይ የሚቀመጥ የሽቦ መደርደሪያ ካላችሁ አየር ከታች ስለሚያልፍ ሥራው ይፈጥናል። የኦቨን ቴርሞሜትር ማግኘት ከቻላችሁ ግዙ። የብዙ ኦቨኖች ቁልፍ የሚያሳየው ቁጥርና ውስጡ ያለው ሙቀት አይገናኙም፤ በዚህ ሥራ ላይ ደግሞ የ20 ዲግሪ ልዩነት ማንጎውን ያሳርረዋል።

ስለ ሙቀቱ

ብዙ ሰው የሚበላሽበት እዚህ ጋ ነው። ቶሎ ይድረቅ ብለው እሳቱን ከፍ ያደርጋሉ። የፍሬው ላይኛው ገጽ ወዲያው ይደርቅና ይዘጋል። ውስጡ ያለው ውሃ መውጫ ያጣል። በእጅ ሲነኩት የደረቀ ይመስላል፣ ጠርሙስ ውስጥ ሲገባ ግን በሳምንቱ ይሻግታል። ለማድረቅ ከ65 እስከ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ውስጥ ቆዩ። ለስላሳ ሆኖ እንዲቀር የምትፈልጉት፣ እንደ ማንጎ ያለው፣ ዝቅተኛውን ይፈልጋል። እንዲንኮሻኮሽ የምትፈልጉት፣ እንደ አፕልና ሙዝ ያለው፣ ወደ 100 ይጠጋል።

ሁለተኛው ነገር እንፋሎቱ ነው። ከፍሬው የወጣው ውሃ ከኦቨኑም መውጣት አለበት። በሩን ሙሉ በሙሉ አትዝጉት። የእንጨት ማንኪያ እጀታ አስገብታችሁ ትንሽ ክፍት ይሁን። የኦቨናችሁ ዝቅተኛ ሙቀት 100 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነም በሩን መክፈቱ ያበርደዋል። ጋዝ የምትጠቀሙ ከሆነ የወጥ ቤቱ መስኮት ይከፈት። ትንንሽ ልጆች ካሉ ደግሞ ክፍት በር ያለው ኦቨን አጠገብ ብቻቸውን አይቁሙ።

የምትኖሩበት ከፍታም ለውጥ ያመጣል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ከእሷ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅም 1,850 ሜትር አካባቢ ናት። ውሃ ደሴ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ኮምቦልቻ ላይ በ94 ገደማ። ስለዚህ ሙሉውን የምትጠብሱት አፕል ወይም ኮክ ደሴ ላይ ውስጡ እስኪለሰልስ ጥቂት ደቂቃ ይጨምራል። ከባሕር አጠገብ ባለ አገር የተጻፈ አሠራር 25 ደቂቃ ካለ ደሴ ላይ ሰላሳውን አስቡ። በክረምት ጉም ሲወርድ ማድረቁም ይዘገያል። ኮምቦልቻ፣ ባቲ ወይም ቆቦ በበጋ የምትሠሩ ግን ቶሎ ቶሎ እያያችሁ ቀድማችሁ አውጡ።

የማንጎ ጥቅል

ከሁሉም በፊት ይህን እንድትሠሩ እመክራለሁ። ለስህተት ቦታ ይሰጣል፣ ልጆች ይወዱታል፣ የለሰለሰውን ማንጎ ሁሉ ይበላል።

1. አራት መካከለኛ የበሰለ ማንጎ እጠቡ፣ ላጡ፣ ሥጋውን ከፍሬው ላይ ግፈፉ። የተበላሸውን ቦታ ቆርጣችሁ ጣሉ። የኮመጠጠ ወይም ጠጅ ጠጅ የሚል ሽታ ካለው ሙሉውን ጣሉት።
2. ከአንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጋር ፍጩት። ውሃ አትጨምሩ። ያስገባችሁትን ውሃ መልሳችሁ ልታወጡት ነው።
3. ክር ካለው በወንፊት አጥልሉት።
4. ድስት ላይ ጥዳችሁ በዝቅተኛ እሳት እያማሰላችሁ 10 ደቂቃ ያህል አፍሉት። ወፈር ይላል፣ ጀርሞችም ይሞታሉ፣ የኦቨኑ ጊዜም ያጥራል።
5. ትሪው ላይ የመጋገሪያ ወረቀት አንጥፉ። ወረቀቱን በጣም ትንሽ ዘይት እሹት።
6. ማንጎውን ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ዘርጉት። ጠርዙን ከመሐሉ ትንሽ ወፈር አድርጉት፤ መጀመሪያ የሚደርቀው ጠርዙ ነውና። ቀጭን ከሆነ ይሰባበራል።
7. ኦቨኑን 70 ዲግሪ አካባቢ አድርጋችሁ፣ በሩን ትንሽ ከፍታችሁ፣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት አቆዩት። በመሐል አንድ ሁለት ጊዜ ትሪውን አዙሩት።
8. መሐሉን በጣታችሁ ንኩ። ካልተጣበቀ፣ የጣት አሻራም ካልያዘ ደርሷል። አውጡት፣ ይብረድ፣ ከወረቀቱ አላቅቁት። በአዲስ ወረቀት ጠቅልላችሁ እንደ ልጅ እጅ አጠር አጠር አድርጋችሁ ቁረጡ።

ቀረፋ ወይም ጥቂት ዝንጅብል ድስት ላይ ሳለ ብትጨምሩ ያምራል። አንድ ኪሎ የተላጠ ማንጎ ሲደርቅ ወደ 200 ግራም ይወርዳል። ያን ያህል ለፍታችሁ ይህን ብቻ ስታገኙ አትደንግጡ፤ የጎደለው ውሃው ነው።

መብራት በመሐል ቢሄድ በሩን ዝጉት። ኦቨኑ ሙቀቱን ለጥቂት ጊዜ ይዞ ይቆያል። መብራቱ ቶሎ ከተመለሰ ካቆማችሁበት ቀጥሉ። የሚቆይ ከሆነና ፀሐይ ካለ ትሪውን በንጹሕ ሻሽ ሸፍናችሁ ውጭ አውጡት። ሁለቱም ከሌለ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድሩት። ለብ ባለ ኦቨን ውስጥ እርጥብ ፍሬ ማሳደር ግን አይሆንም፣ ይኮመጥጣል።

የአፕልና የሙዝ ቺፕስ

እዚህ ትልቁ ነገር እኩል መቁረጥ ነው። ከ3 ሚሊ ሜትር ብዙም አይብለጥ። አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን ከሆነ ቀጭኑ ሲያርር ወፍራሙ ገና ነው። አፕሉን ሳትልጡ በአግድም ቁረጡት፤ ልጣጩ ውስጥ አሰር (ፋይበር) አለ። የአፕሉን ዘር አውጡ።

በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ ሲኒ የሎሚ ጭማቂ አድርጋችሁ የተቆረጠውን ለ5 ደቂቃ ንከሩት። ፍሬ ሲቆረጥ የሚጠቁረው አየር ሲያገኘው ውስጡ ያለ ኢንዛይም ስለሚሠራ ነው። የሎሚው ኮምጣጣነት ያንን ይገታዋል። ካወጣችሁት በኋላ በንጹሕ ፎጣ አድርቁት። ይህን አትዝለሉ፤ እርጥብ ሆኖ ኦቨን የገባ ፍሬ መጀመሪያ በራሱ እንፋሎት ይቀቀላል።

ሳይነካካ ደርድሩት። አፕሉ ላይ ቀረፋ ነስንሱ። ሙዙ ምንም አይፈልግም። በ95 ወይም በ100 ዲግሪ አንድ ሰዓት፣ ከዚያ ገልብጣችሁ ሌላ አንድ ሰዓት። ከዚያ በኋላ በየ15 ደቂቃው እዩት።

መድረሱን ለማወቅ ትኩሱን አትፈትኑ። ትኩስ ሳለ ሁልጊዜ ለስላሳ ነው፤ ያልደረሰ መስሏችሁ ታሳርሩታላችሁ። አንድ ፍሬ አውጡና አምስት ደቂቃ ይብረድ። ከዚያ ስበሩት። ቀጭ ካለ በቃ። ከተለጠጠ መልሱት። ሙዝ ውስጡ ትንሽ መለጠጡ ስለማይቀር በእሱ ብዙ አትጨነቁ። ከሱቅ እንደሚገዛው ዓይነት የሚንኮሻኮሽ የሙዝ ቺፕስ አብዛኛው በዘይት የተጠበሰ ነው። የእኛ እንደዚያ ባይጮህም ዘይት የለውም።

የጠቆረ ሙዝ በበሶ

አጃ ገዝታችሁ ሥሩ የሚል አሠራር ብዙ አለ። የወሎ ደጋ የገብስ አገር ነው፤ ቤታችን በሶ እያለ ሌላ መፈለግ አያስፈልግም። በሶ ገብሱ ተቆልቶ የተፈጨ ስለሆነ ጥሬ ጥሬ አይልም፣ የሙዙንም ውሃ ጥርግ አድርጎ ይጠጣል።

ሦስት ልጣጩ የጠቆረ ሙዝ በሹካ ድፍጥጥ አድርጉ። አንድ ብርጭቆ ተኩል ያህል በሶ ቀስ በቀስ ጨምሩ። ሊጡ እጅ ላይ መጣበቅ ሲያቆም በቂ ነው፤ ሙዙ ትልቅ ከሆነ በሶው ይጨምራል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተቆላ ሰሊጥ፣ አንድ እፍኝ የተቆላና የተፈጨ ለውዝ፣ ትንሽ ቀረፋ፣ ቁንጥር ጨው። ለውዙን ስትገዙ እዩት። የሻገተ፣ የተጨማደደ ወይም ቀለሙ የተለወጠ ካለ ለቅማችሁ ጣሉት። ለውዝ ላይ የሚበቅል ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይሠራል፤ እሱን ደግሞ መቁላት አያጠፋውም።

ሊጡን ወረቀት በተነጠፈበት ትሪ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል አድርጋችሁ ጠፍጥፉ። በቢላዋ አራት ማዕዘን አድርጋችሁ መስመር ስጡት። በ170 ዲግሪ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ። ጠርዙ ቡኒ ሲል፣ ሽታው ቤቱን ሲሞላ አውጡት። ከበረደ በኋላ በመስመሩ ይቆረጣል። ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል ስለሌለው በጾምም ይበላል። ማቀዝቀዣ ውስጥ አምስት ቀን ይቆያል። ብዙ ጊዜ ግን እስከዚያ አይደርስም።

ለቡናና ለኢፍጣር፦ ሙሉ ጥብስ

ይህኛው የሚቆይ አይደለም፣ ዕለቱን የሚበላ ነው። ወሎ ላይ ቡና ያለ ቁርስ አይቀርብም። ቆሎውና ዳቦው በቦታቸው ይሁኑ፤ አንድ ሰሐን የተጠበሰ ፍራፍሬ ግን ሲጨመር እንግዳ ደስ ይለዋል። በረመዳን ደግሞ ከተምሩ ቀጥሎ ለሆድ ቀላል የሆነ ነገር ነው።

አፕሉን ከላይ ቦርቡራችሁ ዘሩን አውጡ፣ ታችኛው አይቀደድ። ኮክ ከሆነ ለሁለት ክፈሉትና ፍሬውን አንሱ። በቀዳዳው ዘቢብ ወይም የተከተፈ ተምር፣ ሰሊጥ፣ ቀረፋ ሙሉ። ትሪው ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጠብ አድርጉ። በ180 ዲግሪ ኮክ 20፣ አፕል 35 ደቂቃ ያህል፤ ደሴ ላይ ጥቂት ጨምሩ። ቢላዋ ያለ ችግር ሲገባ ደርሷል። ማር ማድረግ የሚፈልግ ከወጣ በኋላ አንድ የሻይ ማንኪያ ያፍስበት። የላስታ ማር ካላችሁ ለዚህ አውጡት። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር በፍጹም አይሰጥም።

ኦቨን ለሌለው

የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ለማድረቅ አይሆንም፣ ሙቀቱ ከሚገባው በላይ ነው። እንጀራ ጋግራችሁ ስትጨርሱ ግን ምጣዱ ለብዙ ደቂቃ ግሎ ይቆያል። አጥፉትና እጅ ቀርቦ የሚችለው ያህል እስኪበርድ ጠብቁ። ወረቀት አንጥፋችሁ በስሱ የተቆረጠ ፍሬ ደርድሩ። አክንባሎውን ዘንበል አድርጋችሁ ክደኑት፣ እንፋሎቱ ይውጣ። በአንድ ጊዜ አይጨርስም። ቀኑን ፀሐይ ላይ በሻሽ ተሸፍኖ የዋለ ፍሬ ማታ ምጣዱ ላይ ቢጨርስ ግን በደንብ ይወጣል። በቆላው፣ በባቲና በቆቦ በኩል፣ የበጋው ፀሐይ አብዛኛውን ሥራ ይሠራላችኋል። ደሴ ላይ በክረምት በፀሐይ አትተማመኑ።

የበሶው መክሰስ ደግሞ ድፎ በሚጋገርበት መንገድ፣ ከላይና ከታች በመጠነኛ እሳት፣ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ይበስላል። የኮባው ሽታ ሙዙ ላይ ሲገባ ከኦቨኑ የበለጠ ይጣፍጠኛል።

ስንት ይበላል?

የደረቀ ፍሬ ጤናማ ነው ማለት ያለ ልክ ይበላል ማለት አይደለም። ውሃው ሲወጣ ስኳሩ አልወጣም። 30 ግራም የደረቀ ማንጎ፣ ማለትም አንድ ትንሽ እፍኝ፣ 150 ግራም ያህል ትኩስ ማንጎ ነው። ለአንድ ጊዜ መክሰስ ያ ይበቃል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ልኩን ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር። አሰሩ አይጠፋም። ማንጎን ቢጫ የሚያደርገውና ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረው ንጥረ ነገርም አብዛኛው ይቀራል። ቫይታሚን ሲ ግን በሙቀት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ብርቱካኑን ትኩሱን ብሉ።

የደረቀ ፍሬ ጥርስ ላይ ይጣበቃል። ልጆች ከበሉ በኋላ ውሃ ይጠጡ፣ ይጉመጥመጡ። ከአራት ዓመት በታች ላሉት ጠንካራውን ቺፕስና ሙሉ ለውዝ አትስጡ፣ ሊያንቃቸው ይችላል። ለእነሱ ለስላሳው የተጠበሰ አፕል አለ።

ማስቀመጥ

ሙሉ በሙሉ ሳይበርድ አትክደኑት። የደረቀውን በደረቅ ጠርሙስ ከግማሽ ትንሽ አለፍ አድርጋችሁ ሙሉ። ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ነቅነቅ አድርጉት። ከፍሬዎቹ አንዳንዱ እርጥበት ሊቀርበት ስለሚችል በዚህ ጊዜ ውስጥ ይካፈሉታል። የጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ላብ ካያችሁ ገና ነው፤ ወደ ኦቨን መልሱት። ሻጋታ ካያችሁ ግን ሙሉውን ጠርሙስ ጣሉ፤ የሻገተውን ለይቶ ሌላውን መብላት የለም።

የማንጎው ጥቅል ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ አንድ ወር፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከዚያ በላይ ይቆያል። ቺፕሱ ሁለት ሦስት ሳምንት። በክረምት ትልቅ ጠርሙስ ተዉና በትንንሽ ጠርሙስ ከፋፍሉት። በተከፈተ ቁጥር የውጭው እርጥበት ይገባል፣ ቺፕሱም ይለሰልሳል። ከለሰለሰ ግን ሻጋታ እስከሌለው ድረስ አልተበላሸም። በ100 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ አስገቡት፣ አውጥታችሁ አብርዱት፤ መልሶ ይንኮሻኮሻል።